የውሰት ካሜራና የውሰት ፍርሃት

ካሜራ በውሰት የመጣ እንደ ሆነ ሰዓቱ የተቈጠረ ነው። ዓርብ ማታ የተሰጠው እሑድ ማታ ይመለሳል፤ ሌንሱ አንድ ነው፤ ባትሪው ከሁለት አይበልጥም፤ መብራት ከተገኘም ሠርግ ከሚቀርጽ ወዳጅ የተለመነ ነው። በሐዋሳ መሃል ከተማ አጭር አስፈሪ ፊልም ለመሥራት የሚነሣ ተማሪ ሥራውን የሚጀምረው በዚህ ኹኔታ ነው። ስለዚህም ዐይነቱ ሥራ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚወሳው የዕቃው ማነስ ነው። ዳሩ ግን የዕቃ ማነስ አስፈሪ ፊልምን ያሰናከለበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ እንዲያውም ከዚህ በታች እንደሚታየው የዚህ ዐይነት ሲኒማ ከታወቁት ሥራዎች አያሌዎቹ ከድህነት የተወለዱ ናቸው። የሚያሰናክለው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ተማሪው ከካሜራው ጋራ ፍርሃቱንም አብሮ መዋሱ ነው። ፀጕሯን በፊቷ ላይ የበተነች ነጭ ለባሽ ልጃገረድ ከጃፓን፣ ጥርሱ የሾለ መስፍን ከአውሮፓ፣ በምድር ቤት ውስጥ የሚያንኳኳ መንፈስ ከአሜሪካ ይመጡና በሐዋሳ የቆርቆሮ ክዳን ቤት ውስጥ ይቆማሉ። ተመልካቹም ይስቃል። ካሜራውንስ እሑድ ማታ ይመልሱታል፤ ይህን ግን ለማን ይመልሱታል?

የኢትዮጵያ ሰው ከሲኒማ ጋራ በተዋወቀ ጊዜ ያደረበት ስሜት ፍርሃት እንደ ነበረ የሚመሰክር አንድ ስም አለ። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ በአዲስ አበባ፣ ዛሬ ቴዎድሮስ አደባባይ በሚባለው አካባቢ የነበረውን የሲኒማ ቤት ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ ጠራው። የኋላ ሰዎች ይህን ስም እንደ አላዋቂነት ምልክት እየቈጠሩ ሲቀልዱበት ይሰማል፤ ቀልዱ ግን ስፍራውን የሳተ ነው። በጨለማ ቤት ውስጥ ሥጋ የሌለው ሰው ሲራመድ፣ ድምፅ የሌለው አፍ ሲናገር፣ የሞተም ሰው በሸራ ላይ ቆሞ ሲስቅ ያየ ተመልካች ያለ ምንም ጭራቅ ደነገጠ። ያ ሰው የሲኒማን ጠባይ ከብዙ ሐያስያን አስቀድሞ ዐውቆታል። የሚንቀሳቀስ ጥላ በራሱ አስፈሪ ነውና፤ በላዩ ቀይ ቀለምና የጐማ ጭምብል መጨመር ብዙ ጊዜ ፍርሃቱን ይቀንሰዋል እንጂ አያበዛውም።

ሐዋሳ ዕድሜዋ የአንድ ሽማግሌ ዕድሜ ያህል ብቻ የሆነ አዲስ ከተማ ናት። ጐዳናዎቿ ቀጥ ብለው የተዘረጉ ሰፋፊዎች ናቸው፤ የፈረሰ ቤተ መንግሥት ወይም ሐረግ የዋጠው የጥንት ግንብ በመሃሏ አይገኝም። ከቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ፊት ካለው አደባባይ እስከ ሐይቁ ዳር ያለው መንገድ ቀን በባጃጅና በብስክሌት፣ ማታ ነፋስ ለመቀበል በወጣ ሰው የተሞላ ነው። ስለዚህ አስፈሪ ነገር ለመቅረጽ የማትመች ከተማ ትመስላለች፤ ተማሪውም ይህን ሲያይ ቸኵሎ ወደ አሞራ ገደል ይወርዳል። በዚያ በዓሣ ገበያው አጠገብ አባ ኮዳ ቆሞ ይገኛል፤ ራሱ የተመለጠ፣ ከአንገቱ ሥር ቀይ ከረጢት የተንጠለጠለ፣ ቁመቱ ከሕፃን ልጅ የሚበልጥ ወፍ ነው። ካሜራ የያዘ እንግዳ ሁሉ አስቀድሞ የሚቀርጸው እርሱን ነው፤ ከበታች ሆኖ ያነሣውና ልብ የሚያርድ ሙዚቃ ያለብሰዋል። ለሐዋሳ ሰው ግን አባ ኮዳ የሰፈር ጐረቤት ነው። ዓሣ አራጁ አንጀቱን ሲወረውርለት ይቀበላል፤ ልጆችም በአጠገቡ እየተላፉ ያልፋሉ። እርሱን ጭራቅ አድርጎ ማሳየት ትናንት በአውቶቡስ ከመጣ ጐብኚ የተወሰደ ዐይን ነው። ተማሪው የተዋሰው መሣሪያውን ብቻ ሳይሆን ማየቱንም እንደ ሆነ በዚህ ይታወቃል።

የከተማዋ ፍርሃት ያለው በሌላ ስፍራ ነው። ሐዋሳ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ሰባት ዲግሪ ያህል ብቻ ስለምትርቅ ፀሓይ ከጠለቀች በኋላ ብርሃኑ ከሃያ ደቂቃ ብዙ አያልፍም። በአውሮፓ የተጻፈ የፊልም ማስተማሪያ መጽሐፍ ስለ ረጅሙ የምሽት ብርሃን የሚሰጠው ምክር በዚህ አገር አይሠራም፤ ሦስት ቀረጻ ሊያነሣ ያሰበ አንዱን አንሥቶ ሳይጨርስ ይጨልምበታል። ይህን አስቀድሞ ያወቀ ግን ጨለማው ራሱ በሰው ላይ ሲወርድ በአንድ ቀረጻ ሊያሳይ ይችላል። ሴት ልጅ በሐይቁ ዳር ተቀምጣ ወንድሟን ትጠብቃለች፤ መጀመሪያ ፊቷ ይታያል፤ ቀጥሎ ነጠላዋ ብቻ፤ ከዚያም ነጠላው መሆኑና አለመሆኑ የማይለይ ነገር ብቻ ይቀራል። ለዚህ መብራት አያስፈልግም። ካሜራውን አንድ ቦታ አቁሞ መታገሥ ነው፤ ወጣት አዘጋጆችን የሚያስቸግራቸውም ይኸው መታገሥ ነው።

ሌላው የኤሌክትሪክ መጥፋት ነው። በመሃል ከተማ መብራት በድንገት ሲቋረጥ መንገዱ እንደ ተነፈሰ ሰው ጸጥ ይላል፤ ለጥቂት ቅጽበት ማንም አይናገርም፤ ወዲያው የሆቴሎቹ ጄኔሬተር ይነሣና ከተማይቱ መብራት ያላቸውና የሌላቸው ተብላ ለሁለት ትከፈላለች። በጨለማው በኩል የቀረው ሰው ሻማ ሲፈልግ እጁ ግድግዳ ሲዳስስ ይሰማል። ይህን ያልቀመሰ የከተማ ነዋሪ ስለሌለ፣ በሸራ ላይ ሲያየው የሚደነግጠው አስመስሎ አይደለም። በሐይቁም በኩል እንዲሁ ነው፤ ጀልባ ቀዛፊው ጉማሬ የሚውልበትን ስፍራ ያውቃል፤ በጨለማ ግን ከውኃው ላይ የሚመጣለት አተነፋፈሱ ብቻ ነው።

በዚህ ላይ ስለ ድምፅ አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል፤ የፍርሃት ግማሹ በጆሮ የሚገባ ነውና። በካሜራው ላይ የተተከለው ማይክሮፎን የባጃጁን፣ የነፋሱንና የተዋናዩን ድምፅ በአንድነት ቀላቅሎ ይቀበላል፤ ብዙ የተማሪ ሥራ የሚሞተውም በዚህ ነው። በተዋናዩ የደረት ኪስ ውስጥ ተራ ስልክ አኑሮ ድምፁን ለብቻው መቅዳት፣ በኋላም ከሥዕሉ ጋራ ማገናኘት ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። እንዲህ የተቀዳ ትንፋሽ ከዋክብትን ከሚያናውጥ የተውሶ ሙዚቃ ይልቅ ተመልካቹን ወደ ወንበሩ ጥግ ይገፋዋል።

በአንድ ካሜራ ምን ያህል መሥራት እንደሚቻል የቀድሞው ምስክር ጀርመናዊው ሙርናው ነው። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1922 ዓመት ለተመልካች የቀረበውን «ኖስፌራቱ» የተባለውን ፊልም ሲሠራ በእጁ የነበረው ካሜራ አንድ ብቻ ነበር። በዚያ ዘመን የታወቁት የጀርመን ሠሪዎች በአዳራሽ ውስጥ ሸራ እየቀቡ ጠማማ ከተማ ሲያቆሙ፣ እርሱ ካሜራውን ይዞ ወደ ውጭ ወጣ፤ ቪስማር በምትባል የባሕር ዳር ከተማና ዛሬ በስሎቫኪያ ግዛት በሚገኙ ተራሮች መካከል ቀረጸ። ጭራቁ ወደ ሴቲቱ ክፍል ደረጃ ሲወጣ የሚታየው ሥጋው አይደለም፤ በግድግዳው ላይ የወደቀው ጥላው ነው። ለዚህ ያስፈለገው አንድ መብራት፣ አንድ ግድግዳና ጣቶቹ የረዘሙ አንድ እጅ ነው። ሠረገላው በዱር ውስጥ ሲበርር ደግሞ የፊልሙን ጥቍሩን በነጭ፣ ነጩን በጥቍር ለውጦ ስላሳየው ዛፎቹ እንደ አጥንት ነጭተው ይታያሉ።

የሙርናው ፊልም ግን በሌላ በኩል የውሰትን ዕዳ ያሳያል። ታሪኩ ብራም ስቶከር የተባለው የአየርላንድ ሰው በ1897 ካሳተመው «ድራኩላ» ያለ ፈቃድ የተወሰደ ነበር፤ ስሞቹን ቢለውጡም አልተሰወረም። የደራሲው ሚስት ከሰሰች፤ በ1925 የጀርመን ፍርድ ቤት ቅጂዎቹ ሁሉ እንዲጠፉ ፈረደ፤ ፊልሙ እስከ ዛሬ የቆየው አስቀድሞ ወደ ሌላ አገር የወጡ ቅጂዎች ስለ ነበሩ ነው። እንግዲህ ታሪክ መዋስ በራሱ ሥራን ያበላሻል ቢባል ይህ ፊልም ይቃወማል። ሙርናው ያን የውጭ ታሪክ ተቀብሎ ከአይጥና ከወረርሽኝ ጋራ አገናኘው፤ በጠባቡ የከተማ መንገድ ሰዎች ሬሳ ሣጥን ተሸክመው በተራ ሲያልፉ አንዲት ሴት በመስኮት ስታይ አሳየ። ያን ጊዜ ጀርመን ከታላቁ ጦርነትና በ1918 ከተነሣው የኅዳር በሽታ ገና መውጣቷ ነበር። ተመልካቹ ያን ሣጥን ያውቀዋል፤ በገዛ ደጁ ሲወጣ አይቶታልና። በውሰት የመጣው ጭራቅ የአገር ሰው የሆነው በዚህ ነው። የኢትዮጵያ ተማሪም የውጭውን ታሪክ ሲወስድ ይህን ያህል ድካም ቢጨምርበት የሚነቅፈው አይኖርም።

ከዚያ ወዲህ በሴንትራል ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳሉ የተዋወቁ ሁለት ወጣቶች በ1999 ለተመልካች የቀረበውን «ዘ ብሌር ዊች ፕሮጀክት» የሚባለውን ፊልም ሠሩ። ካሜራውን ለተዋናዮቹ ለራሳቸው ሰጥተው በሜሪላንድ ዱር በስምንት ቀን ቀረጹ፤ ጠንቋይዋ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ጊዜም አትታይም፤ ፊልሙ ግን በዓለም ዙሪያ ከ240 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ተከታዮቻቸው የካሜራውን መንቀጥቀጥ ወሰዱና ያለማሳየቱን ጥበብ ተዉት፤ ስለዚህም ስለ እነርሱ ብዙ ማለት አያስፈልግም።

ወደ ሐዋሳ መንገድ ሲመለሱ ተማሪው ከካሜራው ይልቅ ተጨንቆ የሚይዘው ሌላ ዕቃ አለ፤ እርሱም የትብብር ደብዳቤ ነው። ማኅተሙ ያልጠራ፣ ቀኑ ያለፈ ወይም ስሙ ያልተሟላ ደብዳቤ ይዞ በመሃል ከተማ ካሜራ የሚያቆም ሰው ሥራውን ሳይጀምር ቀኑ ያልቅበታል። ልጅነቱና የካሜራው ዋጋ ስለማይመጣጠኑ «ከየት አመጣኸው?» መባሉም አይቀርም። ይህን እንደ መሰናክል ብቻ ለሚቈጥረው ተማሪ የኃይሌ ገሪማ ሥራ መልስ አለው።

ኃይሌ በ1946 በጐንደር የተወለደ፣ በ1967 ወደ አሜሪካ የሄደ፣ በኋላም በሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሲኒማ የተማረ ኢትዮጵያዊ ነው። በዚያ የነበሩ ጥቍር ተማሪዎች የትምህርት ቤቱን ዕቃ እየተቀባበሉ፣ አንዱ በሌላው ፊልም ላይ ካሜራ እየያዘ ይሠሩ ነበር። ከኃይሌ ጋራ የቀረጸው ቻርልስ በርኔት «ኪለር ኦፍ ሺፕ» የተባለውን የራሱን ሥራ በቅዳሜና እሑድ እያነሣ ከ10,000 ዶላር ባነሰ ወጪ ፈጽሞታል። ኃይሌ በ1975 የጨረሰው የመመረቂያ ፊልሙ «ቡሽ ማማ» ይባላል። ይህ ፊልም ሲጀመር ፖሊሶች ሰዎችን በመንገድ አስቁመው ሲፈትሹ ይታያል። ትዕይንቱ ተዋንያን የተጫወቱት አይደለም፤ የሎስ አንጀለስ ፖሊሶች ኃይሌንና ባልደረቦቹን ካሜራ ይዘው ስላገኙአቸው በእውነት ሲያስቆሙአቸው የተቀረጸ ነው። ጥቍር ሰው ይህን የሚያህል ዕቃ ይዞ ሲታይ ለፖሊሱ ሌባ መስሎታልና። ሌላ አዘጋጅ ይህን የጠፋ ቀን ብሎ ይጥለው ነበር፤ ኃይሌ ግን የፊልሙ በር አደረገው፤ ከዚያ በኋላ ተመልካቹ የዶሮቲን ታሪክ በሙሉ የሚያየው በዚያ ፍርሃት ውስጥ ሆኖ ነው።

ማንም ኃይሌን አስፈሪ ፊልም ሠሪ ብሎ አይጠራውም። ነገር ግን በ«ቡሽ ማማ» ውስጥ የዕርዳታ መሥሪያ ቤቱ ሰዎች ድምፅ ከዶሮቲ ጆሮ ሳይወጣ እየተደጋገመ፣ እየተደራረበ፣ በቤቷም በመንገዷም ሲከተላት፣ ጋኔን ያደረባት ሴት ከዚህ የተለየ እንዴት ትታያለች? በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ በፈነዳበት ዓመት ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የቀረጸው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ደግሞ በዚህ ረገድ ይበልጣል። ሙያ ተዋናይ ባልሆኑ ሰዎች፣ በጥቍርና ነጭ የተሠራ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚረዝም ፊልም ነው። የገባሩ ሴት ልጅ በሕልሟ ወላጆችዋ እንደ በሬ ቀንበር ተጭነው ሲያርሱ፣ የመሬቱም ጌታ ከኋላ ሆኖ ሲገርፋቸው ታያለች። ጭምብል የለም፤ ደም የለም፤ ቀንበሩ ቀን ቀን በሬዎቹ ላይ የታየው ቀንበር ነው፤ ጌታውም ቀን ቀን በደጁ ተቀምጦ ሲቈጣ የታየው ሰው ነው። ሕልሙ የጨመረው ነገር ቢኖር ቀንበሩን ከበሬ አንገት ወደ ሰው አንገት ማዛወር ብቻ ነው። ከዚህ በኋላ ልጅቱ የጌታውን ላም ከጎርፍ ለማዳን ስትል ውኃ ሲወስዳት፣ ተመልካቹ የሚደነግጠው ስላልጠበቀው ሳይሆን አስቀድሞ ስላወቀው ነው። በእርግጥ ፊልሙ ጉድለት የለበትም አይባልም፤ መሬቱን ተነጥቆ ያበደው ከበበ የሚያደርገው ንግግር በብዙ ስፍራ ሥዕሉ የተናገረውን ይደግማል፤ በዚያ ጊዜ ፍርሃቱ ይበርዳል። ቢሆንም ተማሪ ከአገሩ የሚዋሰው ሲፈልግ ከዚህ የሕልም ትዕይንት የተሻለ አያገኝም።

የጥንቱ የኢትዮጵያ መጻሕፍትም በፍርሃት የበለጸጉ ናቸው፤ በሲኒማ ትምህርት ግን ማንም ሲጠቅሳቸው አይሰማም። ካህናትና ምእመናን ሁሉ ከሚያውቁት ከተአምረ ማርያም ውስጥ የበላዔ ሰብእን ታሪክ መመርመር ይበቃል። የቅምር ሰው ነው፤ መጀመሪያ እንግዳ ተቀባይ ነበረ፤ ሰይጣን በእንግዳ አምሳል መጥቶ ልጁን እንዲያርድ አሳተው፤ ከዚያ ወዲያ ቤተ ሰቡን ጨምሮ 78 ነፍስ በላ። ዛሬ ይህን ለመቅረጽ የሚነሣ ወጣት 78ቱን ግድያ አንድ በአንድ ማሳየት ያምረው ይሆናል። ታሪኩ ግን እንዲህ አላደረገም። ግድያውን በቍጥር ብቻ ይነግርና ያልፋል፤ ጊዜውን ሁሉ የሚሰጠው በመንገድ ላይ ለተቀመጠ አንድ ደዌ የጸናበት ድኻና ለአንዲት ጥርኝ ውኃ ነው። ድኻው ውኃ ይለምናል፤ በላዔ ሰብእ ይከለክለዋል፤ በጻድቃንና በሰማዕታት ስም ደጋግሞ ይለምነዋል፤ እንደ ገና ይከለክለዋል፤ በመጨረሻ የእመቤታችንን ስም ሲሰማ እጁን ይዘረጋል። አንባቢው ትንፋሹን የሚይዘው በዚህ ነው። ያ እጅ 78 ሰው ያረደ እጅ ነው፤ አኹን ግን ውኃው እንዳይፈስስ ተጨንቆ ጣቶቹን ይገጥማል። በፍርድም ጊዜ በሚዛኑ በአንዱ በኩል ሰባ ስምንቱ ነፍሳት፣ በሌላው በኩል ያች ጥርኝ ውኃ ይቀመጣሉ፤ የእመቤታችን ጥላ በውኃው ላይ ሲያርፍ ሚዛኑ ያጋድላል። በሲኒማ ቋንቋ ቢነገር፣ ከሩቅ የሚታይ የጭፍጨፋ ትዕይንት የለም፤ በቅርብ የሚታይ አንድ መዳፍ አለ። አንድ ሌንስ ብቻ ያለው ተማሪ ከዚህ የሚበልጥ ምን ይሻል?

የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎችም ለዚሁ ነገር የራሳቸው ሥርዐት አላቸው። ጻድቁን ሁለቱ ዐይኖቹ እንዲታዩ አድርገው ይሥሉታል፤ ሰይጣንን፣ አሳዳጁንና ወታደሩን ግን በጐኑ አዙረው አንድ ዐይን ብቻ ይተዉለታል። ምክንያቱ ሲነገር ተመልካቹ ከክፉ ዐይን ጋራ ዐይን ለዐይን እንዳይጋጠም ነው ይባላል። ምክንያቱ ይህም ይሁን ሌላ፣ ሥርዐቱ ብዙ ያስተምራል። የሚያስፈራው ነገር ወደ ሌላ ሲመለከት፣ ተመልካቹ መቼ ወደ እኔ ይዞር ይሆን እያለ ይጠብቃል። በተማሪ ፊልሞች የተለመደው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ጭራቁ ገና በመጀመሪያው ደቂቃ ወደ ሌንሱ ሮጦ ይጮኻል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠበቅ ነገር አይቀርም።

እስካኹን የተባለው ሁሉ ስለ ጥበቡ ነው። የአገርን ፍርሃት መውሰድ ግን ከውጭው ይልቅ አደጋ አለው፤ ይህም በቀላል የሚታይ አይደለም። የጃፓኗ ልጃገረድ በሐዋሳ ጐረቤት የላትም፤ በእርሷ ምክንያት የሚጐዳ ሰው የለም። ቡዳ ግን ጐረቤት አለው። በኢትዮጵያ ደጋ ለብዙ ዘመን ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ሸክላ የሚሠራ፣ ቆዳ የሚፍቅ ሰው «ሌሊት ጅብ ይሆናል፤ በዐይኑ ይበላል» እየተባለ ሲታማ ኖሮአል። ገበሬው በማረሻው ያርሳል፤ እናቲቱ በምጣዱ ትጋግራለች፤ ልጅ ሲታመም ግን ጣት የሚቀሰረው በሠራተኛው ላይ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በንግሥናቸው የመጨረሻ ዓመታት ሠራተኛን በሙያው እንዳይሰድቡት በዐዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ነገሩ የከፋ ስለ ነበረ ነው። በሲዳማም ሸክላ ሠሪዎቹ ሐዲቾዎች ከሌላው ወገን ጋራ በጋብቻ እንዳይገናኙ ተለይተው ኖረዋል። ሐዋሳ የዚህ ሕዝብ ሁሉ መገናኛ ናት፤ በገበያዋ የሚሸጠውን ጀበና የሠራው እጅ በአንዱ ተረት የጭራቅ እጅ ነው።

እንግዲህ ተማሪው «የአገሬን ፍርሃት ልቅረጽ» ብሎ ቡዳን ጅብ አድርጎ ቢያሳይ፣ ሥራውም ቢያምርለት፣ የከተማው ወጣት በስልኩ እየተቀባበለ ቢያየው፣ ከዚህ በኋላ የሚሆነውን ማሰብ አለበት። ጥሩ አስፈሪ ፊልም ሰውን ያሳምናል፤ የሚያሳምነውም ተመልካቹ አስቀድሞ በግማሽ ያመነውን ነው። ደካማ ፊልም በዚህ ረገድ ብዙ አይጐዳም፤ ስቀውበት ይለያያሉና። የሚያሠጋው የተዋጣለት ነው። ይህን ሲሉ ግን «ስለ ቡዳ አይቀረጽ» ለማለት የሚቸኵሉ አሉ፤ እነርሱም ልክ አይደሉም፤ ያልተነገረ ሐሜት ከተነገረው ይልቅ ይኖራልና። ጥያቄው ካሜራው ከማን ጐን ይቁም የሚለው ነው።

በገበያው ጥግ ሸክላ ሻጪቱ ዕቃዋን ልትሰበስብ ስትል መብራት ይጠፋል። አንዲት እናት ልጇን ከሸክላዎቹ አጠገብ ስባ ወደ ጕያዋ ትወስደዋለች። ካሜራው ከእናቲቱ ጋራ ቢቆም፣ በጨለማው ውስጥ የምትታየው ተቀምጣ የምትጠብቅ አንዲት ጥላ ናት፤ የተለመደው ፊልም ይህ ነው፤ ተመልካቹም ጥላይቱ ጅብ እስክትሆን ይጠብቃል። ካሜራው ከሸክላ ሻጪቱ ጋራ ቢቆም ግን ሌላ ነገር ይሰማል፤ በየደጁ የሚንሾካሸክ ድምፅ፣ የሚርቅ ኮቴ፣ የሚዘጋ በር፤ ቀጥሎም አንድ ሰው ጐንበስ ብሎ ከመሬት የሚያነሣው ነገር ድንጋይ ይሁን ሻማ አይለይም። ሁለቱም በዚያው ምሽት፣ በዚያው አንድ ሌንስ ሊቀረጹ ይችላሉ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ካሜራውን ከማቆሚያው ጋራ አንሥቶ ጥቂት እርምጃ መሄድ ነው። ሸክላ ሻጪቱን የምትጫወተው ከእውነተኞቹ ሻጮች አንዷ የሆነች እንደ ሆነ፣ ታሪኩ ምን እንደሚል አስቀድሞ ሊነገራት፣ ካሜራው ወደ ባለቤቱ ሳይመለስ የተቀረጸውም በትንሹ መስተዋት ላይ ሊታያት ይገባል።